አንጀት የምትበላው አከራያችን

ባለፈው ሳምንት ምሳ ሰዓት ላይ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከቤተሰቦቿ የተላከላትን ጩኮ ቢሮ ይዛ መጣች። የዕቃውን ክዳን ገና ገርበብ ስታደርገው የተቆላ የገብስ ዱቄትና የተነጠረ ቅቤ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ሁሉም እየተሳሳቀ በማንኪያ ሲዝቅ እኔ ማንኪያዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። "ምነው፣ አትወጂም እንዴ?" አለችኝ። እወዳለሁ፤ እንዴት አልወድም! ግን ያ ሽታ ሁልጊዜ ከአንዲት ሴት ጋር ነው የሚመጣብኝ። ሴትዮዋ ስትመጣ ደግሞ የአባቴ ድምፅ ተከትሏት ይመጣል።

"እኚህ ሴትዮ አንጀት መብላት ያውቁበታል" ይል ነበር አባቴ።

ሴትዮዋ አከራያችን ነበረች። ከተማ መሀል የነበረው የቀበሌ ቤታችን ሲፈርስ ቡራዩ ወጥተን ከእሷ ግቢ ሁለት ክፍል ተከራየን። እኔ ያኔ ገና ፊደል እየቆጠርኩ ነበር፤ ወንድሜ ከእኔ ትንሽ ከፍ ይላል። ግቢው ሰፊ ነበር። በአንድ በኩል የላሞቿ በረት፣ በሌላው በኩል ጎመንና ድንች የምትተክልበት መደብ፣ ከአጥሩ ወዲያ ባሕር ዛፍ። ክረምት ሲገባ ጭቃው ቦት ጫማ እየነጠቀ ያስቀራል። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ አንዲት ልጇን ሆለታ ድራለች። "ሃርሜ" በሉኝ አለችን በመጣን በሳምንቱ፤ እናቴ ማለት ነው በኦሮምኛ። እናታችን ባስተማረችን መሠረት "አንቱ" ስንላት ደግሞ ተቆጣች። "እናት አንቱ ይባላል እንዴ? ሂዱ ለወረዳው ሹም አንቱ በሉ!" ስለዚህ ወላጆቻችን "እርስዎ" ሲሏት እኛ "አንቺ" እያልናት አደግን።

አባቴ የሚላትን ነገር ለመረዳት ጊዜ ወስዶብኛል። እኔ አንጀት መብላት ሲባል የማውቀው ሌላ ነበር። ዝናብ የመታው ቡችላ አንጀት ይበላል። እናቱ ትታው ገበያ የሄደች ሕፃን አፍንጫውን ሳይጠርግ በር ላይ ቆሞ መንገድ ሲያይ አንጀት ይበላል። እነሱ ግን አውቀውት አይደለም። አባቴ የሚለው አውቀው ስለሚበሉት ነበር፤ ሳይቆጡ፣ ሳይለምኑ፣ አንዲት ክፉ ቃል ሳይወጣቸው ሰውን ጥፋተኛ አድርገው ስለሚያስቀምጡት።

ሃርሜ በዚህ የሚያህላት አልነበረም። መሣሪያዋ "ግድ የለም" የሚለው ቃል ነው። ወንድሜ ጠዋት ጠዋት የምታመጣለትን ወተት "ጠግቤያለሁ" ካለ ኩባያውን ቀስ ብላ ታነሳና "ግድ የለም፣ ለውሻው እሰጠዋለሁ። ውሻውስ ይጠጣልኛል" ትላለች። ወንድሜ ሮጦ ኩባያውን ይቀማትና እስኪያንቀው ይጠጣል። እሑድ እናቴ ዶሮ ሠርታ ሃርሜን ለመጥራት ትንሽ ከዘገየች፣ በረት ደጃፍ ላይ ሆና "አይ፣ ለእኔ አትቸገሪ! ሽታው ደርሶኛል፤ ሽታውም ያጠግባል" ትላለች። እናቴ ያን ቀን ፈረሰኛውን ለማን እንዳወጣችው መናገር አያስፈልገኝም። አንድ ጊዜ ለሁለት ቀን ዘመድ ጥየቃ ከተማ አድረን ብንመለስ በር ላይ ተቀምጣ አገኘናት። "ውሻው እኮ አልበላም" አለች። "እኔማ በላሁ፤ ምን እሆናለሁ። እሱ ነው የከፋው።"

አባቴ ይህን ሁሉ ሲያይ በመሳቅና በመናደድ መሀል ሆኖ ራሱን ይነቀንቃል። "አየሽ? ከውሻው አፍ ነው የሚናገሩት" ይላታል እናቴን። እናቴ ግን አትስቅም። "ብቸኝነት ነው" ትላለች።

ስምንተኛ ክፍል የደረስኩ ዓመት ኮዬ ፈጬ የደረሰን ኮንዶሚኒየም ቁልፉ ተሰጠን። ዕጣው ከወጣልን ረጅም ጊዜ ሆኖት ነበር፤ ዛሬ ነገ ሲባል ቆይቶ፣ እኛም ተስፋ ልንቆርጥ ስንል፣ አባቴ አንድ ከሰዓት በኋላ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ መጣ። እናቴ ቁልፉን ተቀብላ ቀሚሷ ላይ ጠረገችው፤ የቆሸሸ ይመስል። ከዚያ ተቀምጣ አለቀሰች።

ቤቱ ለእኛ እንዲሁ ቤት ብቻ አልነበረም። አባቴ የሚሠራበት ማተሚያ ቤት ቃሊቲ በኩል ነው። ከቡራዩ ቃሊቲ ማለት ከተማውን ከዳር እስከ ዳር መሰንጠቅ ነው። ሳይነጋ ወጥቶ ከመሸ ይገባል። እኔና ወንድሜ አባታችንን በደንብ የምናየው እሑድ ብቻ ነበር፤ ያኔም ጋዜጣ ሲያነብ እንቅልፍ ይጥለዋል። ኮዬ ፈጬ ከገባን ግን ሥራው ቅርቡ ነው። ስለዚህ እናቴ ያለቀሰችው ለራሷ በር ብቻ ሳይሆን ለእሱም ነበር።

ወሬውን ለሃርሜ የነገርናት አራታችንም አብረን ሄደን ነው። ጎመን እየቀነጠሰች ነበር። ስትሰማ ጎመኑን ጥላ እልል አለች፤ እናቴን ሁለት ጊዜ ሳመቻት፣ አባቴን መረቀችው። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለችና እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ወደ በረቱ አየች።

"እኔማ ግድ የለም" አለች። "ለላሞቹ ነው የማዝነው። ለምደዋችሁ ነበር።"

አባቴ ሳቁን ለመዋጥ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ።

መጀመሪያ ለመሄድ ባሰብንበት ቀን ዋዜማ ሃርሜ በትልቅ ዕቃ ጩኮ ይዛ መጣች። "የመንገድ ስንቅ ነው" አለች፤ ኮዬ ፈጬ ሳይሆን ጅቡቲ የምንሄድ ይመስል። "ቅቤውን ለበዓል ነበር ያስቀመጥኩት። አሁን በዓሉን ከማን ጋር ልበላው?" እናቴ ዕቃውን ታቅፋ ቆማ ቀረች። በዓሉ በሳምንቱ ነበር። "በዓሉን አብረናቸው ብንውል ምን አለበት?" አለችው አባቴን። ቆየን።

በሁለተኛው ቀጠሮ አይሱዙው በር ላይ ቆሞ ነበር። ፍራሽና ቁም ሳጥን ጭነን ወደ ሶፋው ስንዞር ሃርሜ በረቱ አጥር ላይ ተደግፋ ራሷን ስትይዝ እናቴ አየቻት።

"ምን ሆኑ?"

"ምንም። ግፊቴ ነው። ትንሽ ዓይኔን አጨለመብኝ። እናንተ ጫኑ፤ ግድ የለም፣ ሰው አላጣም። ሰፈሩ ሞልቶ የለ!"

ሰፈሩ ሞልቶ ነበር በእርግጥ። ግን እናቴ ወደ ሾፌሩ ሄዳ "ይቅርታ አድርግልን" ስትለው ሰማሁ። ፍራሹም ቁም ሳጥኑም ተመልሰው ወረዱ። ሾፌሩ ገመዱን እየጠቀለለ "እናትየው፣ ከመጥራትሽ በፊት ምከሩ እንጂ" ብሎ ሄደ። ያን ዕለት ወላጆቼ በሩን ዘግተው ተጨቃጨቁ፤ እኛ ግን ከውጭ ቆመን ሁሉንም ሰማን።

"አልታመሙም!" ይላል አባቴ። "አንጀታችንን ጨረሱት እኮ!"

"ቢታመሙስ?"

"አልታመሙም አልኩሽ።"

"እኔም ቢታመሙስ አልኩህ። ታመው ትቻቸው ብሄድ እንዴት አድርጌ ነው እዚያ ቤት እንቅልፍ የሚወስደኝ?"

አንጀቱን የተበላ ሰው ችግሩ ይኸው ነው፤ እየተበላ መሆኑን ቢያውቅም ተነስቶ መሄድ አይችልም።

ይህ በሆነ በጥቂት ጊዜ ውስጥ አባቴ ከአውቶቡስ ሲወርድ ተደናቅፎ ወደቀ። ከድካም ብዛት ቆሞ እያንቀላፋ ነበር የመጣው። ግንባሩ ተሰንጥቆ፣ ሸሚዙ ላይ ደም ጠብ ብሎበት ሰዎች ደግፈው አመጡት። ሃርሜ ከሁላችን ቀድማ ደረሰች። ውሃ አሙቃ፣ በንጹሕ ጨርቅ ቁስሉን አጠበችለት። ሃርሜ ያን ጊዜ ምን እንዳሰበች ዛሬም አስባለሁ። ከዚያ በኋላ ላሞቹንም ግፊቷንም ሳታነሳ ሰነበተች፤ ግን እንሂድም አላልን፣ ሂዱም አላለችን። ቤቱ በእንጥልጥል ቀረ።

ወንድሜ የሰው አነጋገር መቅዳት ይችልበታል። ርእሰ መምህሩን፣ የታክሲ ረዳቱን፣ የሰፈራችንን ባለ ሱቅ፣ ሁሉንም ያመጣቸዋል። ሃርሜንም ለብቻችን ስንሆን ያመጣት ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ተመልሰን፣ ጠዋት የዘነበው ዝናብ ከቆርቆሮው ጫፍ እየተንጠባጠበ፣ ፀሐይ በበሩ ገብታ ወለሉ ላይ ተዘርግታ ሳለ፣ የእናቴን ነጠላ ራሱ ላይ ጣለና በርጩማው ላይ ቁጭ አለ።

"እኔማ ግድ የለም" አለ፣ በእሷ ድምፅ፣ በእሷ ትንፋሽ። "ሂዱ፣ ሂዱ። እኔ ምን አለኝ። ስሞት ጎረቤት ይደውልላችኋል። ካልደወለም ግድ የለም፤ ውሻው ይጮህልኛል!"

በሳቅ ሆዴን ይዤ ወለሉ ላይ ተንከባለልኩ። እናቴ እንኳ እየተቆጣች፣ አፏን በእጇ ሸፍና፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ወለሉ ላይ የነበረው ብርሃን የጨለመው ያኔ ነው። ቀና ስል ሃርሜ በሩ ላይ ቆማለች፤ በእጇ የወተት ጆግ ይዛለች።

ወንድሜ ነጠላውን ከራሱ ላይ ማውረድ እንኳ ረሳ። ሃርሜ ጎንበስ ብላ ጆጉን ደፉ ላይ አስቀመጠች፤ ወተቱ እንዳይፈስ ተጠንቅቃ። ከዚያ ዞራ ሄደች። የቦት ጫማዋ ድምፅ በጭቃው ውስጥ ቸብ ቸብ እያለ እስከ በረቱ ድረስ ተሰማን።

በማግሥቱ ጠዋት እንደወትሮው ወተት አመጣች። "መኪናው መቼ ነው?" አለች እናቴን።

እናቴ ግራ ገባት። "ገና... አልወሰንንም።"

"ቅዳሜ ይሁን። ቅዳሜ መንገዱ ይቀላል። ሣጥን እኔ ጋ አለ፤ ለሰሐኖቹ ይሆናል።"

ሣጥኑን አመጣች። ሰሐኖቹን አንድ በአንድ በጋዜጣ እየጠቀለለች አስገባች። በረጅሙ አልተነፈሰችም፣ ወደ በረቱ አላየችም፣ ራሷን አልያዘችም። "ግድ የለም" የሚለው ቃል ከአፏ ጠፋ። ወንድሜ ወተቱን ሳይጠጣ ቢተወው ኩባያውን ዝም ብላ አንስታ ሄደች። እንደ ማንኛውም አከራይ ሆነች። ያን ጊዜ ነው አንጀቴ የምር የተበላው። ስታደርገው ከነበረው ሁሉ ማድረግ ማቆሟ ባሰ። አባቴ ሳይቀር "ምነው ሴትዮዋ ደህና አይደሉም እንዴ?" ብሎ ጠየቀ።

እናቴ ዓርብ ዕለት ወንድሜን በጆሮው ይዛ በር ላይ አቆመችው። "ሄደህ እግራቸው ላይ ውደቅ። ይቅር ሳይሉህ እንዳትመለስ!" ብቻውን መሄድ ስለፈራ እኔን ይዞኝ ሄደ።

ሃርሜ ላም እያለበች ነበር። ወተቱ ባልዲው ውስጥ ሲመታ የሚያሰማው ድምፅ፣ የበረቱ ሙቀት፣ የእበትና የድርቆሽ ሽታ አሁን ድረስ ትዝ ይለኛል። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ሊወድቅ ሲል "ተው፣ ልብስህን ታቆሽሻለህ" አለችው። ማለብ አላቆመችም።

"ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ሃርሜ።"

"እንዴት ነበር ያደረግከው?"

"ምኑን?"

"እኔን። እስቲ አሳየኝ።"

ወንድሜ ወደ እኔ አየ። እኔ ምን ልርዳው? "አፍራለሁ" አለ።

"አሳየኝ አልኩህ እኮ። እኔን ለሁሉ አሳይተህ ለእኔ ትደብቀኛለህ?"

ነጠላ አልነበረም። እጁን ራሱ ላይ አድርጎ፣ ባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ተቀምጦ፣ "እኔማ ግድ የለም" አለ። ሃርሜ ማለብ አቆመች። "ቀጥል" አለችው። ቀጠለ። ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ስልኩ ብሎ ውሻው ላይ ሲደርስ ሃርሜ ሳቀች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ከዚያ በደረቷ፣ ከዚያ ግንባሯን ላሟ ጎን ላይ አስደግፋ መላ ሰውነቷ እየተነቃነቀ። ላሟ ዞራ አየቻት። እንባዋን በክንዷ ስትጠርግ ግን ሳቁ የቱ ጋ እንዳቆመና ሌላው የቱ ጋ እንደጀመረ መለየት አልቻልኩም።

"እኔን ነው" አለች። "በትክክል እኔን ነው። ትንፋሼ ሳይቀር።"

እናቴ ስንዘገይባት ጊዜ ተከትላን መጥታ በረቱ በር ላይ ቆማ ነበር። ሃርሜ አየቻትና እንድትቀመጥ በእጇ ምልክት ሰጠቻት።

"እናንተ አንጀት ትሉታላችሁ" አለች። "እኛ ገራ እንላለን፤ ሆድ። ገራ ነ ኛታ፤ ሆዴን ይበላኛል ማለት ነው። ባልሽ አንጀት ትበላለች እንደሚለኝ አውቃለሁ። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ይሰማል።"

እናቴ ፊቷ ቀላ። "እማማ፣ እሱ እኮ..."

"ተይው። እውነቱን ነው። ልጅ ሆኜ ነው እዚህ ግቢ የዳሩኝ፤ ይህቺን ልጅ አክላለሁ። ማንም 'ምን ትፈልጊያለሽ?' ያለኝ የለም። ስጡኝ ካልኩ 'ምን ዓይነት ሙሽራ ናት፣ ሆዳም!' ይሉኛል። 'እኔ ይቅርብኝ' ካልኩ ግን አማቴ ዞር ብላ ታየኛለች፤ ታየኝና ትቆርስልኛለች። እንደዚህ ተማርኩ። ከባሌም ጋር እንደዚህ ኖርኩ፤ ልጄንም እንደዚህ አሳደግኩ። አትሂዱ ካልኳችሁ፣ እምቢ ትሉኛላችሁ። ግድ የለም ስላችሁ ግን እምቢ የሚለኝ የለም። ታዲያ መጀመሪያ የምበላው የማንን ይመስልሻል? የራሴን ነው።"

ባልዲው ውስጥ የወተቱ አረፋ ቀስ እያለ ሲጠፋ አያለሁ።

"አሁን ምን ይፈልጋሉ?" አለች እናቴ። ድምፅዋ ልክ ለታመመ ሰው እንደምትናገረው ነበር።

"ምን?"

"በግልጽ ይንገሩኝ። ምን ይፈልጋሉ? እሺ እልዎት እንደሆን አላውቅም። ግን ይንገሩኝ።"

ሃርሜ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። አፏን ከፈተች፣ ዘጋች። እንደዚያ ስትቸገር አይቻት አላውቅም ነበር። ወደ ላሟ፣ ወደ ባልዲው፣ ወደ ጣሪያው አየች።

"እንድትቀሩ አልፈልግም" አለች በመጨረሻ። "ያ ሰውዬ መንገድ ላይ ሊሞት ነው። ሂዱ። ግን ልጅቷ ትምህርቷ ገና ነው፤ ፈተናም አለባት። እስክትፈተን..." እዚህ ላይ ቆመች። "እስክትፈተን ከእኔ ጋር እንድትቆይ እፈልጋለሁ። ይኸው ነው። እፈልጋለሁ።"

እናቴ እኔን አየችኝ። ልጇን ትታ መሄድ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያኔ አልገባኝም፤ እኔ በውስጤ "እሺ በያት፣ እሺ በያት" እያልኩ ነበር። አዲሱ ቤት ሲገቡ እኔ የለሁም ማለት ነው። የራሷን በር መጀመሪያ ስትከፍት እኔ ከጎኗ የለሁም ማለት ነው። አሁን እኔ እናት ስሆን ነው የገባኝ።

"አንቺስ?" አለችኝ።

"እቆያለሁ።"

"እሺ" አለች እናቴ። ሌላ አልጨመረችም።

ቅዳሜ አይሱዙው መጥቶ ጭኖ ሄደ። ወንድሜ ፍራሹ ላይ ተቀምጦ እጁን እያውለበለበ፣ እናቴ ከሾፌሩ ጎን አንገቷን አውጥታ እያየችን፣ አባቴ ግንባሩ ላይ የቁስሉ ፋሻ እንዳለ። ሃርሜ እጄን ይዛኝ ነበር። መኪናው አስፋልቱ ላይ ወጥቶ ሲታጠፍ "አልቅሺ፣ አልቅሺ፣ እኔም ላለቅስ ነው" አለችኝ፤ ሁለታችንም አለቀስን።

ከእሷ ጋር የቆየሁት እስከ ክረምቱ መግቢያ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ጊዜ የተደላደልኩበት ጊዜ መኖሩን እንጃ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ወጥ ሞቆ ይጠብቀኛል። እኔ መጽሐፌን ገልጬ ሳጠና እሷ ከጎኔ ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥሳለች፤ የማነበው የማይገባት ቢሆንም "ጮክ በይ" ትለኛለች። ግልጽ አድርጎ መጠየቅን እንደ አዲስ ቋንቋ ነበር የምትለማመደው። "ውሃ ስጪኝ" ትላለች፣ ከዚያ ትንሽ ታፍራለች። "ዛሬ ብቻዬን መብላት አልፈልግም፤ ጥናትሽን ተይና ነይ" ትላለች፣ ከዚያ እንዳልቆጣ ፊቴን ታያለች። አንዳንዴ የድሮው ያመልጣታል። አንድ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ገፈርሳ ልሄድ ስል "ሂጂ፣ እኔ ግድ..." ብላ ጀመረችና አፏን በእጇ ያዘች። ተያይተን ሳቅን። "ቶሎ ተመለሺ። ይከፋኛል" አለችኝ። ቶሎ ተመለስኩ። የሚገርመው፣ እንደዚያ ስትለኝ መመለሱ አልከበደኝም፤ ከጓደኞቼ ጋር የዋልኩበትም ደስታ አብሮኝ መጣ።

ከተፈተንኩ በኋላ አባቴ መጥቶ ወሰደኝ። ጠቆር ብሎ የነበረው ፊቱ ሞላ ሞላ ብሎ ነበር። ለሃርሜ አዲስ ሻሽ አምጥቶላት፣ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሊስም ሲል ትከሻውን ይዛ ቀና አደረገችው። "በል እንግዲህ፣ አንጀትህን አልበላብህም" አለችው። አባቴ በሕይወቱ እንደዚያ ሲያፍር አላየሁም።

መጀመሪያ አካባቢ በየወሩ እንሄድላት ነበር። ከዚያ በየበዓሉ ሆነ። ከኮዬ ፈጬ ቡራዩ ሩቅ ነው፤ ከዚያ ደግሞ ሃይስኩል፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ሥራ፣ ትዳር መጣ። ከዚያ በስልክ ብቻ ሆነ። እሷም ደከመች። ላሞቹን ሸጠች፤ ልጇ ሆለታ ወሰደቻት። ያ ግቢ አሁን የለም። በዚያ በኩል ሳልፍ መስታወት የለበሰ ፎቅ ነው የማየው፤ ባሕር ዛፎቹ የነበሩበት ላይ መኪና ይቆማል።

አንድ ቀን ሥራ ላይ ሳለሁ ከልጇ ስልክ ተደወለልኝ። ሳነሳው ግን ያወራችኝ ሃርሜ ነበረች። ድምፅዋ ቀጥኗል። ስለ ጤናዬ ጠየቀች፣ ስለ ልጄ ጠየቀች፣ እናቴን ጠየቀች።

"ኮቱ" አለችኝ በመጨረሻ። ነይ ማለት ነው።

በማግሥቱ ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። ሆለታ ፀሐይ ነበር። የልጇ ቤት ከዋናው መንገድ ገባ ያለ ነው፤ አበባ የጫኑ መኪናዎች ሲያልፉ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። ሃርሜ አልጋ ላይ ነበረች። ትንሽ ሆናለች፤ ብርድ ልብሱ ስር ያለች አትመስልም። እጄን ስትይዘኝ ግን ጣቶቿ እንደ ድሮው የላም አላቢ ጣቶች ነበሩ። ልጇ ወተት አመጣችልኝ። ጠጣሁት። ስለ ወንድሜ አወራኋት፤ ስለ አባቴ ጡረታ አወራኋት። አንዳንዱን ትሰማለች፣ አንዳንዱ ላይ ዓይኗን ትጨፍናለች። ፊቷን በሞቀ ውሃ አጠብኩላት፤ ጥፍሯን ቆረጥኩላት። የምናገረው ሲያልቅብኝ እጇን ይዤ ተቀመጥኩ።

የመስኮቱ ብርሃን ከግድግዳው ወደ ወለሉ ሲወርድ ሰዓቴን አየሁ። ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው የመጨረሻው መኪና ከመሙላቱ በፊት መድረስ ነበረብኝ። ልጄ ትጠብቀኛለች፤ ጠዋት ሥራ አለ። ያንቀላፋች መስሎኝ እጄን ከእጇ ቀስ አድርጌ ላወጣ ስል ጣቶቿ ጠበቁ። ዓይኗን ከፈተች። ነጭ ነጠላዬን መልበሴን፣ ቦርሳዬ ጭኔ ላይ መሆኑን አየች።

ምን እንደምትለኝ የማውቅ መሰለኝ። የልጅነቴን ሁሉ ሰምቼዋለሁ። ለመልሱም ተዘጋጅቼ ነበር፤ "አይዞሽ፣ እመለሳለሁ" ልላት ነበር።

"ሂን ዴሚን" አለችኝ።

አትሂጂ ማለት ነው። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ላም አልጠራች፣ ውሻ አልጠራች፣ ራሷን አልያዘች። ፊቴን ብቻ አየችኝ፤ እሺም እምቢም ብላት የምትቀበል ሆና።

"እሺ፣ ሃርሜ" አልኳት።

ቦርሳዬን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩ። ለባለቤቴ ደውዬ ልጃችንን እንዲያስተኛት ነገርኩት። ከዚያ ጫማዬን አውልቄ፣ እግሬን አልጋው ላይ ሰቅዬ፣ ከጎኗ ጋደም አልኩ።